ቤት ተወደደ፤ ልጆቻችንስ?

ያደግሁት ጉለሌ ነው፤ ባላቸው በሞቱባቸው አንዲት እናት ግቢ ውስጥ፣ በኪራይ ቤት። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እማማ ይላቸው ነበር። ጠላ ይጠምቃሉ፣ ዕቁብ ይጥላሉ፤ ዕቁቡ ሲደርሳቸው ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ያስጨምራሉ። ባሕር ዛፍ ይገዛል፣ ማገር ይማገራል፣ ቆርቆሮ ይመታል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ከሰነበተ በኋላ ምርጊቱ ይጀመራል። ግድግዳው በቅጡ ሳይደርቅ ተከራይ ይመጣል። በዚያች ክፍል ኪራይ የሚቀጥለውን ዕቁብ ይጥላሉ፤ በሚቀጥለው ዕቁብ ደግሞ ሌላ ክፍል ያሠራሉ። ለምን እንዲህ እንደሚደክሙ ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነበር፦ "ለእርጅናዬ ነዋ!"

ዛሬ በየአዳራሹ "በሪል ስቴት ገንዘብን የማብዛት ዘዴ" ተብሎ ሥልጠና ሲሰጥ ስሰማ እኚህ እናት ትዝ ይሉኛል። ዘዴያቸው ብድር አልነበረበትም። አቅማቸው የፈቀደውን ያህል ይሠራሉ፣ የተሠራው ሌላውን ያሠራል። ከሁሉም በላይ ግን የሚያገኟት ገንዘብ በሙሉ ሰው ስለኖረበት የምትገኝ ነበረች። አንደኛው ክፍል ውስጥ ሸማኔ ከነመጠቅለያው ይኖራል፤ ሌላው ውስጥ ከጎጃም የመጣ ተማሪ፤ የኛው ክፍል ውስጥ አባቴ፣ እናቴና እኛ ልጆች። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ገቢ የለም። ጣሪያው ካፈሰሰ ተከራይ ይሄዳል። ስለዚህ እማማ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮውን ያስመታሉ፤ የወሩ ኪራይ የሚጠየቀውም አባቴ ደመወዝ ሲቀበል ነበር እንጂ ወሩ ሲገባ አልነበረም።

በከተማው ሌላ ጫፍ ደግሞ ሌላ ዓይነት ዘዴ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተቋቋመ፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከተመሠረተ በኋላ ዲፕሎማቱና የድርጅቱ ሠራተኛ ቤት ፈላጊ ሆኖ መጣ። መሬት ያለው ሰው ከባንክ ይበደርና ባለ ብዙ መኝታ ቪላ ይሠራል፤ ለውጭ አገር ሰው ያከራያል፤ በኪራዩ ብድሩን ይከፍላል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ይጀምራል። ብዙ የቦሌና የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ቪላዎች እንዲህ ነው የተሠሩት። ጎበዝ ነጋዴና ሚኒስትር ጭምር በዚህ መንገድ ሀብት አፍርቷል።

ታዲያ ያንን ዘመን ወተት ማር አድርጎ ማስታወስ ውሸት ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክ ለመሳፍንቱና ለመኳንንቱ ሰፈር ካደሉበት ጊዜ ጀምሮ የከተማው መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነው። ቤቱን በገዛ ገንዘቡ ሠርቶ ለመሬቱ ኪራይ የሚከፍልም ሞልቶ ነበር። እንደ እማማ ያሉት ጭቃ ቤት እያስጨመሩ ያረጁ ትናንሽ አከራዮች በአንድ በኩል፣ ሰፈር ሙሉ መሬት የያዙት በሌላ በኩል፣ ሁለቱም "ባለቤት" ይባሉ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ሁለቱን የሚለይ ዓይን አልነበረውም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። የከተማ መሬት በሙሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ። ከዚያ የተረፈው ሁሉ ተወረሰ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት በቀበሌ ሥር፣ ከዚያ በላይ የሆነው በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገባ። ዝቅተኛው ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ከእንግዲህ ከቤት ኪራይ ገቢ ማግኘት ለግለሰብ የተከለከለ ሆነ።

እኛ ቤት ያን ቀን ደስታ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። አባቴ ደመወዙ የማያዳርሰው፣ ኪራይ ሲቀነስለት የሚደሰት ሰው ነበር። በሬዲዮ የሰማነውን ለጎረቤት ለመንገር እኛ ልጆች በየበሩ ሮጠናል። እማማ ግን በአንድ ቀን ከአከራይነት ወደ ጎረቤትነት ወረዱ። ካስጨመሯቸው ክፍሎች ሁሉ ራሳቸው የሚኖሩበት ብቻ ቀረላቸው። አዋጁ ሌላ መተዳደሪያ ለሌላቸው የትርፍ ቤት ባለቤቶች ጥቂት የወር መደጎሚያ ያስቀምጥ ነበር፤ ለእርጅናቸው ብለው የገነቡትን ግን የሚተካ አልነበረም። እናቴ ከዚያ ወዲህ እንጀራ በጋገረች ቁጥር ሁለት ሦስቱን ለእማማ መስደድ ጀመረች። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ስለ ቤት ብዙ ነገር ይማራል። ኪራዩ እንደተቀነሰ ለአሥርት ዓመታት ቆመ። በወር ከአሥር ብር በታች የሚከፈልባቸው የቀበሌ ቤቶች የገንዘቡ ዋጋ እጅግ ከወረደ በኋላም በዚያው ዋጋ ቀጠሉ። የሚሰበሰበው ኪራይ ለጥገና አይበቃም፤ ቀበሌው አያድስም፤ ተከራዩ ማጀት ለማስፋት፣ የተቦረቦረ ግድግዳ ለመምረግ ፈቃድ ይጠየቃል። የእማማ ክፍሎች ከዓመት ዓመት ወደ መሬት ሰመጡ። በሌላ በኩል የሚከራይ ቤት የሚሠራ ሰው ከአገር ጠፋ፤ ማከራየት ከተከለከለ ማን ይሠራል? ቤት ውስጥ ያለው ሰው በርካሽ ኖረ፤ ከውጭ የቀረው፣ አዲስ የተጋባው፣ ከክፍለ አገር የመጣው ግን ደባል ከመሆን በቀር መሄጃ አጣ። ርካሽ ኪራይና በቂ ቤት አንድ እንዳልሆኑ ያስተማረን ያ ዘመን ነው።

በ1970ዎቹ የቤት ማግኛው ብልሃት ማኅበር ሆነ። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሰዎች የቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቁማሉ፣ መንግሥት ቦታ ይሰጣል፣ የቤቶችና ቁጠባ ባንክ በአነስተኛ ወለድ ያበድራል። አባቴም ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር በዚህ መንገድ ገባ። በሲሚንቶ እጥረት ዘመን ኩፖን እየተጠበቀ፣ ብሎኬቱ አንድ ሰሞን ተደርድሮ ሌላ ሰሞን እየቆመ፣ ኮተቤ ላይ ቤታችን ቆመ። ቅዳሜና እሑድ የማኅበሩ አባላት በሙሉ ከነቤተሰባቸው ቦታው ላይ ይውሉ ነበር። የአንዱ ቤት ጣሪያ ሲመታ የሌላው ሚስት ቡና ታፈላለች። ቤቱን ከመሥራታችን በፊት ጎረቤቶቻችንን አወቅናቸው። ዕድሩም ቤቶቹ ሳያልቁ ነበር የተቋቋመው።

አባቴ ካረፈ በኋላ፣ ማከራየትም ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ሲፈቀድ፣ እናቴ የእማማን ዘዴ ከልጅነታችን ጓሮ አውጥታ ተጠቀመችበት። በዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ አሠራች። አንዷን ክፍል መምህር፣ ሌላዋን ነርስ ተከራዩ። በዚያ ኪራይ ታናናሾቼ ተማሩ። አዲስ አበባ ውስጥ የታናናሾቼ ዕድሜ ያለው ብዙ ሰው ትምህርት ቤት የዋለው በሰርቪስ ኪራይ ነው። ከጡረታና ከደመወዝ እኩል የዚህን ከተማ መካከለኛ ኑሮ የያዙት እነዚያ በየጓሮው ያሉ ክፍሎች ናቸው። ከገጠር የመጣውን ወጣት የተቀበሉትም እነሱ ናቸው። ባለቤቷ ተከራይዋን በስሙ ታውቀዋለች፤ ሲታመም ሾርባ ትልክለታለች፤ ሲያገባ ሽማግሌ ትሆናለች። ክርክርም፣ የመብራትና የውኃ ንትርክም ነበር፤ ግን የሁለቱም ፊት ይተያይ ነበር።

ከዚያ ሌላ ዘመን መጣ። በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ወጣ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የሚሸጥ የሚለወጥ እንዳልሆነ ተደነገገ። በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ የከተማ መሬት በሊዝ ብቻ እንዲያዝ አደረገ፤ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት። በሕግ መሬት አይሸጥም። በተግባር ግን መገናኛ ወይም ሃያ ሁለት አካባቢ ያለች፣ ግድግዳዋ የተዛነፈ ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት በሚሊዮኖች ትሸጣለች። ገዢው በማግሥቱ ያፈርሳታል። የከፈለው ለቤቷ አይደለም፤ ለካርታዋ ነው። በሊዝ ጨረታም መርካቶ ላይ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300,000 ብር በላይ የቀረበበት ጊዜ አለ። እማማ ሀብት ያፈሩት በጨመሩት ክፍል ነበር፤ በዚህ ዘመን ግን ምንም ሳይጨምር ቦታ አጥሮ የተቀመጠው ሰው ከሚሠራው ይበልጥ አተረፈ።

ለብዙኃኑ የተዘጋጀው መንገድ ኮንዶሚኒየም ነበር። አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀመረ፤ በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ከ450,000 በላይ ሰው ስሙን አስመዘገበ። ከዋጋው አንድ አምስተኛውን ቀድሞ ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር፤ ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች። ጎተራ፣ ሚኪሊላንድ፣ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ በዚህ ተገነቡ። ይህን ፕሮግራም አቅልሎ ማውራት አይገባም። በጥቂት አሥር ሺዎች ብር ስቱዲዮ አግኝተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ የጽዳት ሠራተኞችንና መምህራንን አውቃለሁ። የግቢው ኮሚናል ውስጥ የጋራ እንጀራ እየጋገሩ፣ ለፋሲካ የጋራ በሬ እያረዱ አዲስ ጉርብትና የፈጠሩም አሉ።

ሆኖም ዕጣ የደረሰው ሁሉ ቤቱ ውስጥ አልገባም። አንዳንዱ ሥራው ከቤቱ ራቀበት፤ አንዳንዱ ወርኃዊ ክፍያው ከአቅሙ በላይ ሆነበት፤ ስለዚህ አከራየው። በሕግ ቤቱ ለአምስት ዓመት አይሸጥም። ያኔ ደላላው ሌላ ብልሃት አመጣ፦ ሻጭ ለገዢ ውክልና ይሰጣል፤ የተቀበለውን ገንዘብ ደግሞ የተበደረው አስመስሎ የብድር ውል ይፈርማል። ሰው ሲሞት የሰጠው ውክልና አብሮት ያበቃል። ስለዚህ ሻጩ በሞተ ማግሥት ወራሾች በሩን እያንኳኩ፣ ገዢውም ወረቀቱን ይዞ ፍርድ ቤት ሲንከራተት ያየ ሰፈር ብዙ ነው። ዕጣ ያልደረሰው ደግሞ ጠበቀ። በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 እንደገና ሲመዘገብ የተመዝጋቢው ቁጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። 40 በመቶ ቆጥብ የተባለው ሰው በሰንጋተራና በክራውን ሳይቶች ዕጣ ሲወጣ 100 በመቶ የከፈለ ቀደመው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣም የኮምፒውተር መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰረዘ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከአፉ ነጥቆ የቆጠበ ሰው አለ፤ ሲመዘገብ ያዘለው ልጅ ዛሬ ለራሱ ቤት ይፈልጋል።

ገንዘብ ያለው ወደ ግል አልሚዎች ሄደ። ሥዕሉን አይቶ፣ ቅድመ ክፍያ ከፍሎ፣ ያልተቆፈረ ጉድጓድ ላይ አሥረኛ ፎቅ መግዛት የተለመደ ሆነ። ከዋሽንግተን ዲሲና ከስቶክሆልም የሚልኩ ወንድሞችና እህቶች በዚህ ብዙ ገንዘብ አውለዋል። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ቤት መግዛት ስለሚችል ለወንድሙ ውክልና ሰጥቶ ይገዛል። በቃላቸው ጊዜ ያስረከቡ አልሚዎች አሉ። ዓመታት አልፈው መሠረት ያልወጣላቸው፣ ገዢዎቻቸውን በፍርድ ቤት ደጅ ያስጠኑም አሉ። ከሁሉ ልቤን የሚነካኝ ግን ሌላ ነው፦ በቤይሩት፣ በሪያድና በዱባይ የሰው ቤት እያጸዱ ለእናታቸው ቤት የሚያሠሩት ልጆች። እያንዳንዱ ብሎኬት ከየትኛው ወር ደመወዝ እንደተገዛ በቃላቸው ያውቁታል። ስለ ቤት ኢንቨስትመንት የሚያስተምር ሰው ከእነሱ ገንዘብ ጋር ሲነጋገር ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይገባዋል።

ሰው ሁሉ ወደ ቤት የሮጠው ስግብግብ ሆኖ አይደለም። ምክንያቱን ማወቅ ይገባል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሄደ። ባንክ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡ ከዓመት ዓመት እየቀለጠ አየ። አክሲዮን በይፋ የሚገበያዩበት ገበያ የተከፈተው ገና በ2017 ዓ.ም. ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ብረቱ፣ ሊፍቱ፣ ሴራሚኩ ሁሉ ተወደደ። እንዲህ ባለ አገር ያለውን ለማዳን ቤት የገዛ ሰው ሊወቀስ አይገባም። በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎችም የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ ሲጸድቅ ሌላ ፈላጊ ተጨመረ።

በዚህ ሁሉ መሐል ስማቸው የማይነሳ ሰዎች አሉ፦ ከተማው የሰፋበትን መሬት ያርሱ የነበሩ ገበሬዎች። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 ለተነሺው ገበሬ የሚከፍለው የዓመት አማካይ ገቢውን በአሥር አባዝቶ ነበር። በኋላ በወጣው ሕግ ተሻሻለ። የገበሬው ካሳ በጤፍና በስንዴ ምርት ተሰላ፤ እዚያው መሬት ላይ የቆመው ሕንፃ በካሬ ሜትር ተሸጠ። ያ ልዩነት የት ገባ? ከአልሚው እስከ ደላላው፣ ከዕጣ ባለዕድሉ እስከ ቦታ አጥሮ ያቆየው ድረስ ተከፋፈለ። የቀድሞው ባለ እርሻ ልጅ በአባቱ ማሳ ላይ በቆመ ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ የሚሠራበት ሰፈር አለ። ስለ ትርፍ ስናወራ ይህን ሒሳብ ውስጥ ማስገባት ግዴታችን ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ ከዚህ ወዲያ በግምት መነጋገር አያዋጣምና። ለምሳሌ በ8 ሚሊዮን ብር የተገዛ አፓርታማ በወር 30,000 ብር ይከራያል እንበል። በዓመት 360,000 ብር ነው፤ ከዋጋው 4.5 በመቶ። ከዚህ ላይ ግብሩ፣ የሊፍትና የጥበቃ መዋጮው፣ ጥገናው፣ ተከራይ የማይኖርባቸው ወራት ይቀነሳሉ። የተረፈው ከባንክ ዝቅተኛ ወለድም ያንሳል። ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? ዋጋው ይጨምራል ብሎ ነው። ዋጋው ሲጨምር ያንን ጭማሪ የሚከፍለው የሚቀጥለው ገዢ ነው። የሚቀጥለው ገዢ ማን ነው? ዛሬ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ዓመት የሆነው ወጣት ነው። ልጃችን ነው።

የእህቴ ልጅ ሁለት ዲግሪ አላት፤ ሥራ አላት። ጀሞ ነበር የምትከራየው፤ ኪራይ ሲጨመር ወደ ገላን ሄደች፤ ከዚያ ቱሉ ዲምቱ። በጨመረባት ቁጥር ከሥራዋ እየራቀች ነው፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ የምታጠፋው ሰዓት የኪራዩ አካል ሆኗል። የምትኖርበት ሕንፃ ላይ ግን ማታ መብራት የማይበራባቸው ብዙ ቤቶች አሉ። ባለቤቶቻቸው "ተከራይ ያበላሸዋል፣ ዝግ ይቆይ፣ ዋጋው እንደሆነ ይጨምራል" ብለው የቆለፏቸው ናቸው። እነዚህ ባለቤቶች ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዳንዶቹ በበዓል ቀን አብረን ዶሮ የምንበላ ዘመዶቻችን ናቸው። በዚያው ማዕድ ላይ "ቤቴ አምስት እጥፍ ሆነ" ብለን እንመሰጋገናለን፤ ጥቂት ቆይተን ደግሞ "የዘንድሮ ልጆች ትዳር አይይዙም፣ ጎጆ አይወጡም" ብለን እናዝናለን። ሁለቱ ወሬዎች አንድ ወሬ ናቸው። ጎጆ የሚወጡበት ዋጋ ነው እኛን ያስደሰተን።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ኪራይም መንግሥት ከሚያሳውቀው በላይ እንዳይጨመር ደንግጓል። እንደ እህቴ ልጅ ላለ ተከራይ ፋታ ነው። የ1967ቱን ያየ ሰው ግን ከጎኑ ሌላ ነገር መጠየቅ አለበት፦ የሚከራይ ቤት በብዛት እንዲሠራስ ምን ተደርጓል? ኪራይ መቆጣጠር ብቻውን የሚያደርገውን የእማማ ክፍሎች ሲሰምጡ አይተናል። መሬት ያለ ሥራ አጥሮ መያዝን የሚያስከፍል፣ ሠርቶ ማከራየትን የሚያበረታታ ሕግ ከቁጥጥሩ ጋር ካልሄደ፣ ጥቂቱ በርካሽ ይኖራል፤ ብዙው ደጅ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ብዬ ገንዘባችሁን ከቤት አርቁ አልልም። ቤት ዛሬም ቤተሰብ የሚቆምበት ነገር ነው። የምለው ዘዴውን እንምረጥ ነው። ያለቀ ወይም ቢያንስ ግንባታው የሚታይ ቤት ይገዛ። ክፍያ ከሥራው ጋር ደረጃ በደረጃ ይሁን፤ ሥዕል ላይ ሙሉ ገንዘብ አይቆጠር። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ የግንባታ ፈቃዱ ለስንት ፎቅ እንደተሰጠ፣ ንብረቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ የደላላ ቃል አይበቃም። ውሉ ውስጥ ዋጋው ከዶላር ጋር እንዲጨምር የሚያደርግ አንቀጽ መኖር አለመኖሩን ጠበቃ ያንብበው። ውክልና ላይ ተመሥርቶ ቤት አይገዛ። ቅድሚያ የሚሰጠው ጥያቄ ደግሞ "ዋጋው ስንት ይደርሳል?" ሳይሆን "ዋጋው ባይጨምርስ፣ በኪራዩ ብቻ ያዋጣኛል?" የሚለው ይሁን። መልሱ "አዎ" ከሆነ ቤቱ ውስጥ ሰው ይኖራል ማለት ነው። "አይ" ከሆነ ትርፋችን የተመሠረተው ሌላው ሰው በሚከፍለው ውድነት ላይ ብቻ ነው።

ግቢ ያለው ሰርቪስ ይጨምር፤ ፎቅ የሌለው ቤት ያለው ፈቃድ አውጥቶ ላዩን ለተከራይ ይሥራ። በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ወጣቶች እንደ አባቶቻቸው በማኅበር ይሰባሰቡ፤ ከተማው ለማኅበር ቦታ የሚሰጥበት ጊዜ ሲመጣ የተዘጋጁት ናቸው የሚጠቀሙት። ዝግ ቤት ያለን ሰዎች ደግሞ በጽሑፍ ውል፣ በሁለት ዓመት ጊዜ፣ ደመወዝተኛ ሊከፍለው በሚችል ዋጋ እናከራይ። በእኛ ዕድሜ ያለን ሰዎች በቤት ያተረፍነው አብዛኛው በብልሃታችን አልመጣም፤ ከተማው ስላደገ፣ ብር ስለወረደ፣ ቦታ ስለጠበበ ነው። ያልደከምንበትን ትርፍ ከልጆቻችን ደመወዝ ላይ እስከ መጨረሻው ልንሰበስበው አይገባም። ከእነሱ ላይ የምንወስደውን ብንቀንስ የምናወርሳቸው ነገር አይቀንስም፤ የሚኖሩበት ከተማ ይሆናል።